አባቴን በእንፋሎት ሊያክሟቸው ነው፤ «ይሻላቸዋል» የሚሉን በምን አውቀው ነው?

የወሎ_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። አባቴ ባለፈው ዓመት ከደሴ መጥተው እኔ ጋ ናቸው፤ 71 ዓመታቸው ነው። ስኳር ከያዛቸው ብዙ ዘመን ሆኗል። የፕሮስቴት እጢያቸው አድጎ ሽንት ያስቸግራቸዋል፤ ሌሊት ሌሊት ስንቴ እንደሚነሱ እግዜር ይወቀው። ታምሱሎሲን የሚባል ኪኒን ተጀምሮላቸው ነበር፤ ከመኝታ ሲነሱ እያዞራቸው አንድ ቀን ወደቁና ሐኪሙ አስቆመው። አሁን ሬዙም የሚባለውን፣ እጢውን በእንፋሎት የሚያክመውን እናድርግላቸው ይላል።

የምርመራ ውጤታቸው ይኸው፦ እጢው በአልትራሳውንድ 62 ሚሊ ሊትር፤ ከሸኑ በኋላ ፊኛቸው ውስጥ የሚቀረው 280 ሚሊ ሊትር፤ በዚያ ሰባት ጥያቄ ባለው የሽንት መጠይቅ ደግሞ ከ35 14 ነጥብ (ነጥቡ ሲበዛ ችግሩ ይብሳል)።

ሐኪሙ «ለዚህ ሕክምና ይሆናሉ፤ ብዙ ሰው ችግሩ በግማሽ ይቀልለታል» አለኝ። በምን ታውቃለህ ስለው የአምስት ዓመት ጥናት ያለበት ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱ የሚያወራው ስለ ሌላ ሰው ነው። እኔ የቸገረኝ የአባቴ ነገር ነው። ሙያው ያለው ወይም ያሳከመ ሰው ካለ አንድ ነገር በሉኝ።

ቡና_ቀጂ፦
እግዚአብሔር ይማርልሽ። የእኔ አጎት የዱባ ፍሬ ቆልቶ እየበላ ድኗል፤ ቢላ ሳይነካው።

አወያይ፦
ቡና_ቀጂ፣ መልካም ምኞቱ ይቆይልን። መድኃኒት ማዘዝ ግን በዚህ መድረክ አይፈቀድም፤ የዱባ ፍሬም ቢሆን።

አዛውንቱ_ከአትላንታ፦
ልጄ፣ እኔ ይህንኑ እንፋሎት ተደርጎልኛል። ሥራው ራሱ አጭር ነው፤ ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ሳይወርድ ያልቃል። የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሽንት የሚያወርድ ጎማ አስገብተው ወደ ቤት ሰደዱኝ። ጎማው ከወጣም በኋላ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበፊቱ የባሱ ነበሩ፤ ያቃጥላል፣ ያስቸኩላል፣ ደም ቢጤም ታየ። «ገንዘቤንም ገላዬንም አጠፋሁ» እያልኩ ከባለቤቴ ጋር ስነታረክ ከረምኩ። ከዚያ ቀስ በቀስ ፈታልኝ። ዛሬ ሽንቴ እንደ ጎልማሳ ይወርዳል። ሌሊት መነሳቱ ግን አልተወኝም፤ ቀነሰ እንጂ። ይህን አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

የቁጥር_ሰው፦
እህቴ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እንጀራዬ ስታቲስቲክስ ነው። ስለዚህ ስለ ወረቀቱ ብቻ ልናገር።

የሰጡሽ የአሜሪካው ዋና ጥናት መሆን አለበት። በ15 ማዕከላት 197 ወንዶች ገቡበት። በዕጣ ተለይተው 136ቱ እንፋሎቱን ወሰዱ። 61ዱ ደግሞ መመልከቻው ብረት ገብቶላቸው፣ የማሽኑ ድምፅ ተሰምቶላቸው፣ እንፋሎቱ ግን ሳይለቀቅባቸው ተመለሱ። ሁሉም ሲጀምሩ አማካይ ነጥባቸው 22 አካባቢ ነበር። በሦስተኛው ወር እንፋሎት ያገኙት በአማካይ 11 ነጥብ ያህል ወረደላቸው። ምንም ያላገኙትስ? እነሱም 4 ነጥብ ያህል ወረደላቸው!

እዚህ ላይ ቆም በዪ። ሰው ሐኪም ዘንድ የሚሄደው በሽታው በጠናበት ሰሞን ነው፤ ዝም ቢባል እንኳ ከዚያ ጥቂት መለስ ይላል። ሐኪም አየኝ፣ መሣሪያ ነካኝ ብሎ የሚሻለውም አለ። ስለዚህ «በግማሽ ይቀላል» ቢባልም፣ እንፋሎቱ በራሱ ያመጣው ቅናሽ ከመነሻው ነጥብ ሲሶ ገደማ እንጂ ግማሽ አይደለም። ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ 7 ነጥብ ቀላል ለውጥ አይደለም። ሰው «አዎ ተሽሎኛል» ብሎ የሚያስተውለው ከ3 ነጥብ ገደማ ጀምሮ ነውና። በአምስተኛው ዓመትም ነጥቡ ከመነሻው በአማካይ 48 በመቶ ዝቅ እንዳለ ነበር፤ እንደገና ቀዶ ጥገና ያስፈለጋቸው 4.4 በመቶ፣ ወደ ኪኒን የተመለሱት 11.1 በመቶ። ጥሩ ቁጥር ነው።

ለአባትሽ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ማን እንዳልገባበት ማወቅ ነው። እጢው ከ30 በታች ወይም ከ80 በላይ የሆነ አልተቀበሉም። ነጥቡ ከ13 በታች የሆነም እንዲሁ። ፊኛው ውስጥ የሚቀረው ሽንት ከ250 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ሰውም አልገባም። አባትሽ 280 ናቸው። እንግዲህ በዚያ ወረቀት ላይ እሳቸውን የሚመስል ሰው የለም። ሐኪሙ ዋሽቷል አልልም፤ ያሳየሽ ቁጥር ግን ለሌላ ዓይነት ሰው የተሰፋ ልብስ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተው። «ስኬት» ስትባዪ ስኬት ማለት ምን እንደሆነ ጠይቂ። ከ24 ወደ 15 የወረደ ሰው አለ እንበል። 8 ነጥብ ከወረደ ተሳክቷል ለሚል ጥናት ይህ ሰው ዳነ፤ ግማሽ መውረድ አለበት ለሚል ጥናት አልዳነም። ሰውየው አንድ፣ ሽንቱም አንድ። በዚያ ላይ 15 ነጥብ በመጠይቁ አሁንም «መካከለኛ ችግር» ነው፤ ቀላል የሚባለው 7 እና ከዚያ በታች ነው።

ተጠራጣሪው፦
የቁጥር_ሰው ጥሩ ብሏል። እኔ ደግሞ የሚታወሰኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እጢውን በማይክሮዌቭ ማሞቅ የሚባል መጣና «ያለ ቀዶ ጥገና ፕሮስቴት ተፈወሰ» ተብሎ ስንት ተወራ፤ የት ደረሰ? አሁን ደግሞ እንፋሎት። ሌላ 10 ዓመት ጠብቁና ይህንንም ትረሱታላችሁ። ሙቀት ሙቀት ነው።

ሬዚደንቱ፦
ሙቀት ሙቀት አይደለም፤ ስንት ሙቀት፣ የት ደረሰ ነው ነገሩ። (አዲስ አበባ ነኝ፣ ዩሮሎጂ፣ ማለትም የሽንት አካላት ሕክምና፣ እየተማርኩ። የምጽፈው ለትምህርት እንጂ ለአንድ ታካሚ ትእዛዝ አይደለም።)

ማይክሮዌቩ በሽንት ቧንቧ በሚገባ ጎማ ውስጥ ባለ አንቴና ነበር የሚሠራው። አንዱ ማሽን፣ ፕሮስታትሮን፣ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የቧንቧው ሽፋን እንዳይቃጠል ውሃ እያቀዘቀዘው፣ ከዚያ ጀርባ ያለው እጢ ከ45 ዲግሪ በላይ ሞቆ እንዲሞት ነው የሚፈለገው። ችግሩ ደም ነው። በእጢው ውስጥ የሚያልፈው ደም ሙቀቱን እየጠረገ ይወስደዋል፤ የደሙ ብዛት ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል፣ በዚያው ሰው ላይ እንኳ ሕክምናው በሂደት ላይ እያለ ይለዋወጣል። ሁለት ሰዎች እኩል እጢ ኖሯቸው እኩል ኃይል ቢሰጣቸው አንዱ ጋ ሥጋው ይሞታል፣ ሌላው ጋ ሞቅ ብሎ ይቀራል። ለዚህ ነው በዕድሜና በእጢ መጠን ብቻ ውጤቱን አስቀድሞ መናገር ያቃታቸው።

ሆላንድ ውስጥ ናይሜኸን ያሉ ሐኪሞች ማን እንደሚሻለው ለመለየት ብዙ ሠርተዋል። ያገኙት ግልጽ ነው፦ በግፊት ምርመራ መውጫው በእርግጥ መዘጋቱ የተረጋገጠ ሰው፣ የተሰጠውም ኃይል የበዛለት፣ የተሻለ ውጤት ያገኛል። ስዊድኖች ደግሞ ሌላ መንገድ ሄዱ። በሉንድ የተሠራው ማሽን በራሱ በእጢው ውስጥ የሙቀት መለኪያ ይሰካል። ምን ያህል ሥጋ እንደሞተ እየተሰላ ይሄድና የተፈለገው ሲሞት ይቆማል። አስቀድሞ መተንበዩን ትተው፣ እየሠሩ መለካት ማለት ነው። እኔ በጣም የምወደው ሐሳብ ይህ ነው።

ተጠራጣሪው ልክ የሆነበት ቦታም አለ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2000 የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በማይክሮዌቭ ሕክምና ከባድ ቃጠሎና ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች እንዳሉ ለሐኪሞች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ማሽኑ ላይ መከታተያ አለ ብሎ ሰው ታካሚውን ትቶ ሲሄድ ጭምር የሚመጣ ነገር ነው።

እንፋሎቱ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ግማሽ ሚሊ ሊትር የማትሞላ ውሃ 103 ዲግሪ እንፋሎት ሆና በመርፌ ለ9 ሴኮንድ ትለቀቃለች። በሴሎቹ መካከል ዘልቃ ስትሄድ ተመልሳ ውሃ ትሆናለች፤ ሙቀቷን የምትጥለው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ደሙ ጠርጎ ሳይወስደው ሥራው ያልቃል። አዎ፣ ከማይክሮዌቩ ይልቅ ውጤቱ እርስ በርሱ ይቀራረባል።

ነገር ግን እህታችን የጠየቀችው ስለ እጢው ብቻ አይደለም። ሽንት ለመውጣት ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ የተከፈተ መውጫና የሚጨምቅ ፊኛ። የረጅም ዘመን ስኳር የፊኛውን ነርቭ ያደክማል። 280 ሚሊ ሊትር የሚቀረው መውጫው ስለጠበበ ነው ወይስ ፊኛው ስለደከመ? አልትራሳውንድ ይህን አይነግርም፤ መጠይቁም አይነግርም። የሚነግረው ዩሮዳይናሚክስ የሚባለው የግፊት ምርመራ ነው። ግፊቱ ከፍ ብሎ ሽንቱ ዝግ ካለ መውጫው ነው፤ ሕክምናው የመሥራት ተስፋው ጥሩ ነው። ግፊቱም ሽንቱም ደካማ ከሆነ እጢውን ብታጠፉትም የሚገፋ የለም።

የሌሊት_ተረኛ፦
ሬዚደንቱ ያለውን በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፦ የጀበናውን አፍ ብታሰፉት፣ የሚያጋድለው እጅ ከሌለ ቡናው አይቀዳም።

እኔ ሲያትል ነርስ ነኝ፤ ብዙ ያገሬን ሽማግሌዎች አያለሁ። የወሎ_ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቀየሚኝ። ያን መጠይቅ ማን አስተረጎመላቸው?

የወሎ_ልጅ፦
እኔ ነኝ። ሌላ ማን ይኖራል? አባባ እንግሊዝኛ አይችሉም።

የሌሊት_ተረኛ፦
ገምቼ ነበር። እህቴ፣ የደሴ አባት በልጁ ፊት «ሽንት ሲመጣብኝ መቆየት ያቅተኛል» ይላል? «ከሸናሁ በኋላ ያልወጣ ይመስለኛል» ብሎ ለሴት ልጁ ይነግራል? እያንዳንዷ ጥያቄ ከ0 እስከ 5 ናት፤ አባቶቻችን ሁሉንም «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ብለው 1 እና 2 ያስሞሏታል። ለእኔ 14 ነጥቡ እሳቸው የደረሱበት ደረጃ አይደለም፤ ይሉኝታቸው ነው። ሐኪሙ የሚተነብየው በዚያ ቁጥር ከሆነ መነሻው ራሱ ጠማማ ነው። በኋላም ሕክምናው እንደሠራ ሲለካ፣ 14 ተብሎ የተጀመረ ሰው ቢሻለውም ብዙ አይወርድለትም፤ «አልሠራም» ይባላል።

ሆስፒታሉ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ወንድ አማርኛ ተናጋሪ በስልክ ጠይቂ፤ አንቺ ከክፍሉ ውጪ ቡናሽን ጠጪ። ስለ ግንኙነትም ይጠየቃሉ። ይህ ሕክምና ከሌሎቹ የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት እሱን ብዙም ስለማይነካ ነው፤ አባትሽ ደግሞ አንቺ ባለሽበት ያን ጥያቄ አይመልሱም፣ ደግሞም አያስፈልግሽም!

እግረ መንገዴን፦ ሌሊት መነሳትን የሚያመጣው ፕሮስቴት ብቻ አይደለም። የስኳር መጠን ከፍ ካለ፣ የእግር እብጠት ካለ፣ የደም ግፊት ኪኒን ማታ ከተወሰደ፣ ከእራት በኋላ ሻይ ከተደገመ፣ እንፋሎት አይፈውሰውም። አዛውንቱ ከአትላንታ የነገሩን ይህንኑ ነው።

አዛውንቱ_ከአትላንታ፦
ልጄ ነርሷ ልክ ብላለች። እኔ መጠይቁን የሞላሁት በራሴ እጅ ነው፤ ያኔም ቢሆን አንዷን ጥያቄ ዘለልኳት። የትኛዋ እንደሆነች አልናገርም።

ተጠራጣሪው፦
እሺ፣ ተሸነፍኩ እንበል። ግን ኮምፒውተር አሁን ሁሉን ይተነብያል አይደል? ዕድሜ፣ የእጢ መጠን፣ ነጥብ፣ ስኳር አስገብቶ «ይሻላቸዋል 82 በመቶ» የሚል አንድ ነገር የለም?

የቁጥር_ሰው፦
እንዲህ ዓይነት ቀመር መሥራት ከባድ አይደለም። ከባዱ ከተሠራበት ሆስፒታል ውጪ እንዲሠራ ማድረግ ነው። በአንድ ማዕከል በጥቂት መቶ ሰዎች ላይ ተሠርቶ፣ በእነዚያው ሰዎች ላይ ሲፈተን ያበራል፤ ሌላ ከተማ ሲሄድ ይደበዝዛል። ምክንያቱም ሌላ ከተማ ያለው ሐኪም ስንት መርፌ እንደሚለቅ፣ ማንን መርጦ እንደሚያክም፣ ማን ተመልሶ ለክትትል እንደሚመጣ ይለያያል። ያልተመለሰው ድኖ ነው ወይስ ተቆጥቶ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄዶ? ቀመሩ አያውቅም።

ሌላም አለ። ነጥቡ ከፍ ያለ ሰው ብዙ ይወርድለታል፤ ከ30 መውረጃ ሰፊ ስለሆነ ነው። ይህን አይቶ «ብዙ የታመመ ብዙ ይድናል» የሚል ቀመር ብታምኑት፣ ያ ሰው ከወረደለት በኋላም ከሌሎቹ በላይ እየተቸገረ ሊሆን ይችላል። ስንት ነጥብ ወረደ የሚለውና መጨረሻው ስንት ላይ አረፈ የሚለው ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ለአባቴ ብጠይቅ ሁለተኛውን ነው።

ዓባይ_ማዶ፦
ሬዚደንቱ፣ ይህ ሬዙም አዲስ አበባ አለ? ለአባቴ ነው።

ሬዚደንቱ፦
እኔ ባለሁበት የለም። እዚህ ብዙዎቹ አባቶች የሚመጡት ሽንታቸው ፈጽሞ ዘግቶ፣ ጎማ አስገብተው ነው፤ እጢውም ብዙ ጊዜ ትልቅ ነው። ለእነሱ ክፍት ቀዶ ጥገና አሁንም ዋናው መንገድ ነው፣ ጥሩም ይሠራል። የምንተነብየውም ሌላ ነገር ነው፤ ኩላሊታቸው ተጎድቷል ወይ፣ ደም ይበቃቸዋል ወይ።

ጎማ ላይ ለነበሩ ሰዎች እንፋሎት ተሞክሯል፤ በአንድ አነስተኛ ጥናት ከ10 ሰዎች ወደ 7 የሚሆኑት ከጎማ ተላቀዋል። ተስፋ አለው። ቀሪዎቹ ሦስቱ እነማን እንደሆኑ ነው የሚያሳስበኝ፤ የእኔ ግምት ፊኛቸው የደከመ ናቸው።

የወሎ_ልጅ፣ አንድ የረሳችሁት ነገር አለ፤ የካንሰር ምርመራ። በመቁረጥ በሚደረገው ሕክምና የተቆረጠው ሥጋ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። እንፋሎት ግን ምንም ሥጋ አያወጣም፤ ሰውነት ቀስ ብሎ ይመጠዋል። ስለዚህ ፒኤስኤ የሚባለው የፕሮስቴት የደም ምርመራ አስቀድሞ መታየት፣ ከፍ ካለም መጣራት አለበት። ተደርጎላቸዋል?

የወሎ_ልጅ፦
ፒኤስኤ ታይቷል፣ ደህና ነው ብለውኛል። ሌላው ግን ምንም አልተነገረኝም። ቀጠሮ ወስጄ ልመለስ። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

የወሎ_ልጅ፦
ተመለስኩ። የዘገየሁት ቀጠሮው ስለራቀ ነው።

ወንድ አስተርጓሚ በስልክ ጠየቅኩ፤ እኔ ውጪ ተቀመጥኩ። ውስጥ ሲገቡ ኮሩብኝ፣ «አንቺ ከኔ ጋር ምን ያስገባሻል» እያሉ። ሲወጡ ነጥቡ 25 ሆኗል! ከ14 ወደ 25። አባባ ለካ ቅዳሴ ላይ በር አጠገብ የሚቆሙት አየር ፈልገው አልነበረም። ሌሊት ልብሳቸው እንደሚርስም ለእሱ ነገሩት፤ እኔ አንሶላቸውን ራሳቸው ሲያጥቡ «ምን ዓይነት ትጉህ ሰው ናቸው» እል ነበር።

ከዚያ 280ውን አነሳሁና «እነዚያ ጥናቶች ከ250 በላይ አልወሰዱም፤ ስኳርም አለባቸው፤ ፊኛቸው ይጨምቃል ወይ?» አልኩት። ሐኪሙ ለአፍታ አየኝ። ነርስ ነሽ ወይ አለኝ። አይ፣ አማርኛ አነባለሁ አልኩት። የግፊት ምርመራው ታዘዘ።

ውጤቱ መጣ፤ ፊኛው ይጨምቃል፣ ግፊቱ ከፍ ያለ ነው፣ ሽንቱ ግን ዝግ ነው። መውጫው ነው የተዘጋው ማለት ነው፤ ሬዚደንቱ እንዳለው። ከእጢው መካከለኛ በኩል ወደ ፊኛው የገባ ክፍል እንዳለም አዩ፤ ያንንም እንደሚያክሙት ነገሩኝ። እንዲህ ሆኖ ሐኪሙ ራሱ አነጋገሩን ቀየረ። «በግማሽ ይቀልላቸዋል» ማለቱን ትቶ «ሽንቱ የመከፈቱ ነገር ጥሩ ተስፋ አለው፤ ሌሊቱን ግን ቃል አልገባልሽም፤ ስኳሩን አስተካክሉ፤ ካልሠራም ሌላው ቀዶ ጥገና አይዘጋባችሁም» አለ። ይኼኛው ገብቶኛል።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። አባባ ለእህቴ ሠርግ ወደ ደሴ የሚሄዱበት ትኬት ተቆርጧል፤ ሕክምናው ከተደረገ ሦስት ሳምንት ላይ ነው። ይሄዳሉ?

የሌሊት_ተረኛ፦
አይሄዱም! አዛውንቱ ከአትላንታ የነገሩሽን አስቢ፤ ያ ጊዜ የሚብስበት ነው። የሚያስቸኩል ሽንት ይዞ፣ ምናልባት ጎማውም ተመልሶ ገብቶ፣ ያን ሁሉ ሰዓት በረራ ከዚያ በመኪና እስከ ደሴ? ወይ ሠርጉን ተገኝተው ሲመለሱ ይታከሙ፣ ወይ ከታከሙ በኋላ ሦስት ወር ይቆዩ። ሐኪሙንም ጠይቂ፤ ፊኛቸው ውስጥ የሚቀረው ሽንት ብዛት መጠበቅን ላይፈቅድ ይችላልና።

የቁጥር_ሰው፦
ሦስተኛው ወር ላይ መጠይቁን ሲሞሉም ያው ሰው፣ ወይም ቢያንስ ወንድ አስተርጓሚ፣ በስልክ ይሁን። አንቺ ካስተረጎምሽ 25ቱ ወደ 10 ይወርድና ሁላችንም በከንቱ እናጨበጭባለን።

የወሎ_ልጅ፦
ሐኪሙ ኩላሊታቸው ደህና ስለሆነ መጠበቅ ይቻላል አለ። ሠርጉ ይቅደም ተብሏል። አባባ ደስ ብሏቸዋል፤ አሁን የሚጨነቁት ሠርግ ቤቱ ውስጥ ሽንት ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ነው፤ እህቴን በስልክ አስጠይቀዋታል። በእኔ በኩል ሳይሆን በቀጥታ።